ተኝቶም የሚረግጥ እግር

ባቡር ነጂ ነኝ ስል ሰው ሁሉ መሪ የማዞር ይመስለዋል። ባቡር መሪ የለውም። እግሬ ሥር አንዲት ፔዳል አለች፤ ነቅቼ መሆኔን ለማሳወቅ በየጊዜው እረግጣታለሁ፣ ከዘገየሁባት ባቡሩ ራሱ ይቆማል። እሷ እያለች ምን ያሰጋል ይሉን ነበር።

እኔ ግን እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። ፈረቃው አንዴ ንጋት አንዴ ማታ ነው። ጋደም ስል ደግሞ አጥር ዘለው ሐዲዱን የሚያቋርጡት ሰዎች ፊቴ ይደቀናሉ፤ አንዱን ብገጨውስ እያልኩ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ይነጋል። ትንሽ ሸለብ ካደረገኝም እግሬ ሥራውን ይቀጥላል። ባለቤቴ ጦር ኃይሎች ሰፈር ጨርቅ ይሸጣል፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሎ ገብቶ ሲተኛ በእንቅልፍ ልቤ ቅልጥሙን የምመታው እኔ ነኝ። «ትኬት ሳልቆርጥ ስታመላልሺኝ አደርሽ» እያለ ይስቅብኛል።

አንድ ጠዋት ከአስኮ በታክሲ ወደ ሥራ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ተሳፋሪው እየወረደ ነበር።

«ልጄ፣ እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር። እግርሽ ግን ወለሉን ሲረግጥ ነው የመጣው። አሞሻል እንዴ?»

ክው አልኩ። ሁሉም የሚተማመንባትን ፔዳል እኔ ተኝቼም እረግጣታለሁ ማለት ነው።

ባቡር ይዘን ከመውጣታችን በፊት ተሰልፈን እንጠየቃለን። እኩያዬ የሆነው አለቃችን «ንቁ?» ይላል፣ «ንቁ» እንላለን። መልሱ ሳያልቅ እሱ ቀጣዩ ሰው ጋ ደርሷል።

የዚያን ጠዋት ተራዬ ሲደርስ «አይደለሁም» አልኩት። «ዛሬ አልነዳም።»

አልፎኝ ሄዶ ነበር፣ ተመለሰ። ያልደከመው ማን አለ፣ ፔዳሏስ ምን ሥራ አላት አለኝ። የታክሲውን ነገርኩት። ከኋላዬ የቆመው የሥራ ባልደረባዬ ዝም አይነቅዝም ሲል አንሾካሾከልኝ፤ ይሄኔ ብሽቅ አልኩ። ሐዲድ ላይ ዝምታ ሰው ይጨርሳል እንጂ። አለቃችን ማስጠንቀቂያ እጽፍብሻለሁ አለ።

«ጻፍ። ሰው ከምገጭ እሱ ይሻለኛል።»

ጻፈብኝ። እኔም ቤቴ ተመልሼ በጠራራ ፀሐይ ተኛሁ፤ የጎረቤት ሬዲዮ እንኳ አልቀሰቀሰኝም።

እንቅልፌ አሁንም አልተስተካከለም። ማስጠንቀቂያውም አልተነሳልኝም፤ ይነሳልኝ ብዬም አልለመንኩ። ዛሬም እንሰለፋለን፣ ዛሬም «ንቁ?» ይላል። ሌሎቹን እንደ ልማዱ እየሮጠ ያልፋቸዋል። እኔ ጋ ሲደርስ ግን ቆሞ መልሴን ይጠብቃል።