ድንበር ላይ ወደ ውስጥ የሳብኳት «አዎ»

ይህ የደረሰብን በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ሆላንድ አገር፣ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ ስኪልደርስዋይክ በሚባለው ሰፈር ስንኖር ነው። ብዙ ዓመት ሆነው፤ ግን ከልጄ ጋር በስልክ ባወራሁ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልጻፈው አልኩ።

ባለቤቴ ታምራት ያቺን አሮጌ መኪና ከገዛ ወዲህ ቅዳሜ ቤት መዋል ቀረ። «አውሮፓ መጥተን አውሮፓን ሳናይ ልናረጅ ነው?» ይላል። እኔ ሳምንቱን ሙሉ የአረጋውያን መጦሪያ ሳጸዳ ሰንብቼ ወገቤ ተቆርጧል፤ እሱ ካርታውን ዘርግቶ ይጠብቀኛል። አንዱን ቅዳሜ አንትወርፕ፣ ሌላውን ሉክሰምበርግ። ዳገት ላይ «አይዞሽ!» የሚለው እንኳ መኪናዋን እንጂ እኔን አይደለም።

ልጃችን ሜሮን ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። የተወለደችው እዚያው ነው፤ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ አማርኛው ሙልጭ ብሎ ጠፋት። በአማርኛ ስጠይቃት በደች፣ በሆላንዶቹ ቋንቋ፣ ትመልስልኛለች። ይሄ ነገር አንጀቴን ያሳርረኝ ነበር። «ነገ ከእናቴ ጋር በምን ልትግባባ ነው?» እያልኩ አለቅስ ነበር፣ እውነቴን ነው።

የዚያን ቀን ጉዟችን ወደ ኮሎኝ ነው። የጀርመን ድንበር ልንደርስ ስንል ሜሮን ቁርሷን በሙሉ ቀሚሷ ላይ አስመለሰችው። ተራችን ሲደርስ የመኪናው ሽታ አያስቀምጥም፣ ልጅቷ ደግሞ «ናር ሁይስ! ናር ሁይስ!» እያለች ታለቅሳለች። ወደ ቤት ውሰዱኝ ማለቷ ነው። ጀርመንኛውም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ የጀርመኑ ድንበር ፖሊስ ገባው።

ጎንበስ ብሎ አየንና ፓስፖርቶቹን ተቀበለ። ታምራት አየለ። አስካለ ጥላሁን። ሜሮን ታምራት። ለእሱ ሦስት ሰው፣ ሦስት የማይገናኝ የቤተሰብ ስም ነው። ታምራት ልጅ በአባቷ ስም እንደምትጠራ፣ ሚስት ደግሞ የአባቷን ስም እንደማትለውጥ በእንግሊዝኛ ሊያስረዳው ጀመረ። ባለቤቴ ሲጨነቅ ድምፁ ይጨምራል፣ እጁም አብሮ ያወራል። ፖሊሱ ዝም እንዲል ምልክት ሰጠውና ወደ እኔ ዞረ።

«ይህ ሰው ባልሽ ነው?» አለኝ በተሰባበረ ደች።

«ኧ!» አልኩት።

መቼም እኛ አዎ ለማለት ብዙ ቃል አያስፈልገንም። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «ኧ!» ነው፣ አለቀ። ሲጨንቀኝ ደግሞ ይብስብኛል። የሰውየው ፊት ግን ተለዋወጠ።

«ልጅቷስ ያንቺ ናት?»

«ኧ!»

«ፈርተሻል?»

እንዴት አልፈራም! እሱን ነዋ የፈራሁት። «ኧ!» አልኩ፣ ከሁለቱም የባሰ ረጅም።

በቃ፣ ነገሩ ተበላሸ። መኪናዋን ጥግ አስያዙን። ታምራትን አንድ ክፍል አስገቡት፣ እኔን ሌላ ክፍል። ሜሮንን አንዲት ሴት ፖሊስ አቅፋ ይዛት ሄደች። ልጄ በሴትዮዋ ትከሻ ላይ እጇን ወደ እኔ እንደዘረጋች በሩ ተዘጋ። ከአገሬ ስወጣ ስንት ኬላ አልፌያለሁ፤ እንደዚያ በር ያለ ግን አልገጠመኝም። ፈረንጅ ከተጠራጠረ ልጅ ከወላጅ ይነጥቃል ሲባል እሰማ ነበር። ወሰዱብኝ አልኩ። እመብርሃንን እየተጣራሁ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሴትዮዋ ብቻዋን ተመለሰች። ልጄን የት እንዳደረገቻት ብጠይቃትም አልነገረችኝም። አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ። ደች አቀላጥፋ ትናገራለች።

«አሁን ሰውየው አይሰማሽም። እውነቱን ንገሪኝ፣ አባቷ ነው?»

«ኧ!»

«ይኸው! እሱን ባነሳሁብሽ ቁጥር ትደነግጫለሽ» አለችኝ።

ያኔ ነው የበራልኝ። ሥራ ቦታ አለቃዬ «ክፍሉን ጨረስሽ?» ስትለኝ «ኧ!» ባልኩ ቁጥር «ምን ሆንሽ?» ብላ ውሃ የምታመጣልኝ ለካ ለዚህ ነው! ምን ያለች ደግ ሴት ናት እያልኩ ስጠጣ ከርሜያለሁ።

«አይደለም! አዎ ማለቴ ነው! እኛ አዎ የምንለው እንዲህ ነው!» አልኳት። ደቹ አፌ ውስጥ ተተበተበብኝ፣ እንባዬም ቀደመኝ። የፈራች ሴት ስትቀባጥር መስሏት ነው መሰለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ወጣች።

ስትመለስ ሜሮንን አቅፋለች። ጮቤ ልረግጥ ስነሣ «ቆይ» አለችኝና በሩ ላይ ቆመች። ልጄ አፏ በብስኩት ሞልቷል፣ ዓይኗ ከለቅሶ ብዛት አብጧል። ሴትዮዋ በደች ጠየቀቻት።

«ይቺ ማናት? ማማሽ ናት?»

ሜሮን አየችኝ። «ኧ!» አለች። ልክ እንደ እኔ፣ ወደ ውስጥ!

ሴትዮዋ ደንገጥ አለች። «እዚያ ክፍል ያለውስ፣ ፓፓሽ ነው?»

«ኧ!»

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበችና «ብስኩት ልጨምርልሽ?» አለቻት።

«ኧ!» አለች ልጄ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ አድርጋ።

ብስኩት የሚያስደነግጠው ልጅ ደግሞ የለም። ሴትዮዋ ሳቋ አመለጣት። ሜሮንን አምጥታ ደረቴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ያ ሁሉ ትውከት የነካው ቀሚስ ሊሸተኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ስስመው ነበር።

ታምራትን ሲለቁት ላብ አጥምቆታል። ነገሩን ስነግረው ለካ እሱም በዚያኛው ክፍል ለጠየቁት ሁሉ «ኧ!» ሲል ነው የቆየው። መኪና ውስጥ ስንገባ ካርታውን አጣጠፈና፣ «እንግዲህ እንመለስ?» አለኝ።

«አዎ!» አልኩት፣ ቃሉን ሙሉ አድርጌ።

ሜሮን ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ ሮተርዳም ትሠራለች። በደች ታወራኛለች፣ በአማርኛ እመልስላታለሁ። ድሮ ያሳርረኝ የነበረው ነገር አሁን እምብዛም አያሳርረኝም። ያ በር ግን አልለቀቀኝም። ዛሬም ድረስ በሕልሜ ይመጣና ይዘጋብኛል። እሱን ባየሁ ጠዋት ቡናዬን እንኳ ሳልጠጣ ለልጄ እደውላለሁ፤ ሕልሙን አልነግራትም።

«ሜሮንዬ፣ ደህና አደርሽ?» እላታለሁ።

«ኧ!» ትለኛለች።