ከእትዬ ሰርክአዲስ ደመወዝ የተቆረጠው

እትዬ ሰርክአዲስ ካሣዬ ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ በምትገኝ አንዲት ትንሽ የሐበሾች ትምህርት ቤት ሃያ ሦስት ዓመት አማርኛ አስተምረዋል። እኔ በዚያው ትምህርት ቤት የመጻሕፍቱን ክፍል ስለምጠብቅ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። ባየሁት ልክ መጻፍ መቻሌን ግን እንጃ።

የሚኖሩት ካላክላ ነው። ትምህርት ቤት ለመድረስ በየማለዳው ሁለት ሃፍላ ይለዋውጣሉ። ሃፍላ የምንላት ትንሿ አውቶቡስ ደግሞ ቆማ አትጠብቅም፤ ሰው እየተጋፋ ይሳፈርባታል። በ2014 ዓ.ም. ስልሳ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ጉልበታቸው እምቢ አለ። አንድ ቀን ከሃፍላዋ በር ወድቀው ቀሚሳቸው ላይ አቧራ እንዳለ ክፍል ገቡ። ልጆቹ አቧራውን እንጂ ሕመሙን አላዩም።

በዚያው ሰሞን ጎረቤታቸው ኒዕማ ጡረታ ወጣች። ኒዕማ በመንግሥት ትምህርት ቤት ስታስተምር የኖረች ሱዳናዊት ናት። ከእትዬ ሰርክአዲስ ጋር አንድ ግንብ ይጋራሉ።

«ያ ኡስታዛ፣ ከእንግዲህ ጠመኔ በእጄ አልነካም» አለቻቸው። «መዓሽ ወጣልኝ።» ኡስታዛ የሚሉት አስተማሪን፣ መዓሽ የሚሉት ደግሞ ጡረታን ነው።

«ስንት ሆነልሽ?»

«ሳሙና ስገዛበት የሚተርፈኝ ፌስታሉ ነው» ብላ ሳቀች። «ቢሆንም በስሜ ነው። አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ? ሄደሽ ዓመትሽን አስቆጥሪ እንጂ።»

እትዬ ሰርክአዲስ ያን ቀን ማታ ዓመታቸውን ቆጠሩ። ከስደት በፊት አገር ቤት ስምንት ዓመት አስተምረዋል። እዚህ ሃያ ሦስት። ሲደመር ሠላሳ አንድ ሆነ። ጡረታ ስለመኖሩ ጥርጣሬ አልነበራቸውም፤ ምክንያቱም እዚህ ሲቀጠሩ «ከደመወዝሽ በየወሩ ጥቂት ይቆረጣል» ተብለዋል። አገር ቤትም ሲቀጠሩ የተባሉት ይህንኑ ነበር፤ ያኔ የሚቆረጠው ለጡረታ ነው። ስለዚህ ለምን እንደሆነ አልጠየቁም። ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነገር መጠየቅ ያሳፍራቸዋል። በየወሩ የደመወዝ መዝገቡ ላይ ከተቀነሰው አጠገብ ሲፈርሙ ኖሩ።

በነጋታው ወደ ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ወደ አቶ ይማም ሄዱ። አቶ ይማም የመምህራኑን የዕድር መዝገብም የሚይዝ ሰው ነው። ጥያቄያቸውን እስኪጨርሱ ሰማቸውና መነጽሩን አወለቀ።

«መምህርት፣ የሚቆረጠው እኮ የዕድር ነው።»

«የቱ ዕድር?»

«የእኛው። የመምህራኑ።»

ያኔ ያለፉት ዓመታት መጡባቸው። ሦስት መምህራን እዚህ አርፈዋል። ድንኳን ተተከለ፣ አውቶቡስ ተከራየ፣ ሣጥኑ በአውሮፕላን አገር ቤት ተላከ። እሳቸው ይህን ሁሉ ትምህርት ቤቱ በደግነቱ የሚያደርገው መስሏቸው በየለቅሶው የዳይሬክተሩን እጅ እየጨበጡ ያመሰግኑ ነበር። ያመሰገኑት በራሳቸው ገንዘብ ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አሉት።

«ያውቃሉ ብዬ ነዋ። እርስዎስ ለምን አልጠየቁኝም?»

ከዚያ አቶ ይማም ወንበሩን ወደሳቸው አስጠግቶ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ቀስ ብሎ ያስረዳቸው ጀመር።

«ጡረታ ዓመት ስለተቆጠረ ብቻ አይመጣም። የሁለት ሰው መዋጮ ነው። አስተማሪው ከደመወዙ ይሰጣል፤ አሠሪው ደግሞ ከራሱ ይጨምርበታል። ሁለቱም በአስተማሪው ስም ተመዝግቦ ለጡረታ ፈንድ ይገባል። እኛ ዘንድ የሚጨምርም የለም፣ የሚመዘግብም የለም።»

«የአገር ቤቱ ስምንት ዓመትስ?»

«ወር በወር ለመቀበል ቢያንስ አሥር ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል።»

«የዚህኛው ቢደመርበት?»

«እዚህ ስለሠሩት እዚያ የገባ ነገር ከሌለ ማን ይደምረዋል?»

እትዬ ሰርክአዲስ የዕድሩን መዝገብ ወደራሳቸው አዙረው ስማቸውን ፈለጉ። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ አለ።

«እንግዲህ ብሞት ሀብታም ነኝ» አሉ።

«በጣም» አለ አቶ ይማም። ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ።

ሦስት ቀን እንደወትሮው አስተማሩ፤ በእረፍት ሰዓት ግን መምህራን ክፍል አልገቡም። በአራተኛው ቀን ለዕድሩ ደብዳቤ ጻፉ። ዓርብ ከሰዓት በግቢው የኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰብንና ደብዳቤው ተነበበ። አጭር ነበር። የዕድሩ ትልቁ ወጪ ሣጥን አገር ቤት መላክ እንደሆነ፣ እሳቸውን እዚያ ቆሞ የሚቀበል ዘመድ እንዳልቀረ፣ ስለዚህ ለሣጥናቸው ጉዞ የሚወጣው ገንዘብ አሁን በሕይወት ሳሉ ለቤት ኪራይ በየወሩ እንዲሰጣቸው ይጠይቃል። ሲያርፉም እዚሁ ካርቱም እንዲቀበሩ ይላል።

የዕድሩ ዳኛ አቶ ሰብስቤ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ሰውነቱ ግዙፍ፣ ድምፁ ወፍራም።

«ደንቡ ግልጽ ነው» አለ። «ዕድር ለሟች እንጂ ለቋሚ አይከፍልም። ዛሬ ለእርስዎ በር ከፈትን ማለት ነገ ሁላችንም ሣጥናችንን ተሸክመን እዚህ ልንሰለፍ ነው።»

«ያንተንማ ማን ይሸከመዋል?» አለች ዮሳቤጥ፣ ከመምህራኑ ሁሉ ልጅ የሆነችው። «ላንተ ብቻ አንድ አውሮፕላን ልንከራይ ነው።»

ሰው ሳቀ። እትዬ ሰርክአዲስ አልሳቁም። የዛፉን ግንድ ይዘው ተነሡ።

«አቶ ሰብስቤ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዳኛ ከመሆንህ በፊት ካንተ ደመወዝ የሚቆረጠው ለምን ይመስልህ ነበር?»

አቶ ሰብስቤ በእጁ የያዘውን የደንቡን ወረቀት አጠፈ። መልሶ ዘረጋው።

«ለጡረታ» አለ። ድምፁ ከወትሮው ቀጥኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። እኔም ከእኔ ደመወዝ የሚቆረጠው ለጡረታ መስሎኝ ነበር፤ ግን አልተናገርኩም። ከጎኔ የተቀመጡትን ሳይ እነሱም ያልተናገሩ መሰለኝ።

ውሳኔው እጅ በማውጣት አለቀ። ለሃያ ስድስት ወር የቤት ኪራያቸው ከዕድሩ እንዲከፈል ተስማማን። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም አላነሣም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። በሚቀጥለው ወር በደመወዝ መዝገቡ ላይ አዲስ ዓምድ ተሰመረ። አናቱ ላይም ለእርጅና መሆኑ በጉልህ ተጻፈ። ትምህርት ቤቱም የራሱን እንዲጨምርበት ደብዳቤ ገብቷል፤ መልሱ ገና ነው።

ኒዕማ እዚሁ ካርቱም ሊቀበሩ መወሰናቸውን ከራሳቸው ሰማች።

«እኔኮ አንድ ቀን አገሯ ትሄዳለች እያልኩ ስሰጋ ነበር» አለች። «ቀረሽልኝ ማለት ነው።»

«ቀረሁልሽ» አሉ እትዬ ሰርክአዲስ።

በወሩ መጨረሻ የመጀመሪያውን ክፍያ ሊቀበሉ መጡ። አቶ ይማም ቅጹን ሞልቶ አቀረበላቸው። ዕድሩ ገንዘብ የሚያወጣበት ቅጽ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ «ሟች መምህር» ብሎ ይጀምራል። አቶ ይማም ከሥሩ «ሰርክአዲስ ካሣዬ» ብሎ ጽፎበታል። ከዚያ በታች የቀብሩ ቦታ ካርቱም መሆኑና ሣጥኑ ወደ አገር እንደማይላክ ሰፍሯል።

እሳቸው ማንኛውንም ወረቀት ሳያነቡ አይፈርሙም ነበር፤ የተሳሳቱት ሳይጠይቁ በፈረሙበት በደመወዝ መዝገቡ ብቻ ነው። ከላይ እስከ ታች አነበቡት። የቀብሩ ቦታ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ከቦርሳቸው የእርማት ቀይ እስክሪብቶ አወጡና «ሟች» የሚለውን፣ በተማሪ ደብተር ላይ እንደሚያደርጉት፣ በአንዲት ቀጭን መስመር ሰረዙት። ከላዩ ላይ «በሕይወት ያለች» ብለው በጥሩ ጽሕፈታቸው ጻፉ።

«ሌላው ትክክል ነው» አሉና ፈረሙ።