በጎረቤቴ ጓሮ የቀናሁበት ዓመት

ሴት በሴት የምትቀናበትን ነገር ጸሐፊዎች ሁሉ ያወቁት ይመስላቸዋል። ውበት፣ ባል፣ ወርቅ፣ ልጅ። ብዙ መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ በሽንት ቤት የቀናች ሴት ግን አንዲት እንኳ አላጋጠመችኝም። እኔ ቀንቻለሁ፤ ያውም እንቅልፍ እስካጣ ድረስ።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ከደብረ ታቦር ተነሥቼ በታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ፣ አስተማሪ ሆኜ ገባሁ። የተከራየሁት አንዲት ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ቤት ነበር፤ እሜቴ እላቸዋለሁ። በገባሁ በማግስቱ የቤታቸውን ሕግ ነገሩኝ። ጨዋ ሴት ለዚያ ጉዳይ ወደ ገደሉ አፋፍ የምትወጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ወፍ ሳይንጫጫና ማታ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ። በመካከሉ ያለው ቀን የወንዶች ነው። ትምህርት ቤቱም የራሱ ሽንት ቤት አልነበረውም። ወንዶቹ መምህራን አጥሩን ዞር ብለው ይመለሱና ሱሪያቸውን እያስተካከሉ ሥነ ምግባር ያስተምራሉ።

መፍትሔው ግልጽ ነበር፤ አለመጠጣት። ከንጋት እስከ ምሽት አፌን ውሃ አይነካውም። ማታ እንኳ ውሃ ስጠይቅ እሜቴ ይቀየማሉ።

«ጠላ ጠምቄ ውሃ? ውሃማ ለከብት ነው!»

ሕመሙ የጀመረኝ ኅዳር ላይ ነው። መጀመሪያ አንገቴን፣ ቀጥሎ ትከሻዬን፣ ከዚያ ጭኔን፤ በመጨረሻ ያላመመኝን ቦታ መናገር ይቀል ጀመር። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ጠዋት ስነሣ ሙቀጫ ውስጥ ያደርኩ ይመስለኛል። ተማሪ ጠመኔ ሲያቀብለኝ ጣቱ ከነካኝ እጄን እሰበስባለሁ። ዛሬ ሐኪሞች ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ፋይብሮማያልጂያ የሚል ስም አውጥተውለታል። ስለ እሱ የተጻፈ ካገኘሁ አላልፍም፤ ከምክሮቹ መካከል «ውሃ በብዛት ይጠጡ» የሚል አይጠፋም። ጸሐፊው ወንድ መሆኑን ከዚያች አረፍተ ነገር ብቻ አውቃለሁ። ሴት የጠጣችውን ውሃ የት እንደምታደርሰው አይጠይቅማ።

የአርብ ገበያው ድሬሰርም እንዲሁ ነበር። አስፕሪን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝና፣ «ውሃ ትጠጪያለሽ?» አለኝ።

«ማታ ማታ አንድ ጣሳ።»

«አንድ ጣሳ! ለጫጩት ነው እንዴ? ቀኑን ሙሉ ጠጪ እንጂ። ምን ችግር አለው? ቀላል ነገር ነው» አለና እሱ ራሱ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ዞር አለ። ለምን እንደሄደ አልጠየቅሁትም።

ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። ወንበር ላይ ተቀምጬ ማስተማር ስጀምር ዲሬክተሩ አስጠራኝ።

«ወይዘሪት፣ ተቀምጦ የሚማረው ተማሪው ነው። ከፋሲካ በፊት መጥቼ ክፍልሽ ውስጥ እቀመጣለሁ። ቆመሽ ማስተማር ካቃተሽ ለአውራጃው ሌላ ሰው ላኩልኝ ብዬ እጽፋለሁ።»

ክፍሌን ካጣሁ የምመለሰው አባቴ ቤት ነው። እዚያ ደግሞ አንድ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሆዱ ከመዝገቡ የሚወፍር ዳኛ ይጠብቀኛል። አባቴ ቃል የሰጠው «ማስተማሩ ካልሆነላት» ብሎ ነው። ስለዚህ ያን ዓመት ነፃነቴ የተንጠለጠለው በሁለት እግሮቼ ላይ ነበር፤ እነሱም ከድተውኛል።

በዚህ መካከል ነው እንግዲህ ጎረቤቴን ልብ ያልኳት። ከእሜቴ አጥር ወዲያ ጨርቅ የሚሸጡ ሙስሊም ባልና ሚስት ይኖራሉ። ጓሯቸው በባሕር ዛፍ እንጨት ጥቅጥቅ ብሎ ታጥሯል፤ በጥጉ ሣር የለበሰች፣ በር ያላት ትንሽ ጎጆ አለች። ሴትዮዋ በጠራራ ፀሐይ ማንቆርቆሪያዋን አንጠልጥላ፣ እያንጎራጎረች፣ እንደ እመቤት ወደዚያች ጎጆ ትሄዳለች። ሳትቸኩል! ስትመለስ እጇን ትታጠብና ጣሳ ሙሉ ውሃ ግጥም አድርጋ ትጠጣለች። ከሰዓት በኋላም እንደገና። ይህን ሁሉ የማየው በአጥሩ ቀዳዳ ነው። ጥርሴን እየነከስኩ አያለሁ። የአቡጀዲ ጣቃ ተሸክማ ስትወጣ ስትገባ ወገቧን እንኳ ይዛ አታውቅም። ለጸሎት የሚታጠቡበት ነው፣ ሃይማኖታቸው አድሏቸው ነው እያልኩ በሃይማኖቷም ሳይቀር ቀናሁባት።

እሜቴ ሕመሜን መርምረው ጨርሰው ነበር። «የሰው ዓይን ነው፣ ልጄ። አንድ ቀናተኛ አይቶሽ ነው።»

 ዓይን ሰው የሚጥል ቢሆን ኖሮ አልጋ ላይ የምትውለው እኔ ሳልሆን ጎረቤቴ ነበረች።

ዓርብ ከቀኖች ሁሉ ይከፋል። ገበያተኛው ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ የገደሉ አፋፍ እንኳ የአህያ ማሠሪያ ይሆናል፤ ማታም ቶሎ አይበተንም። ስለዚህ ከሐሙስ ማታ ጀምሬ ጠብታ አልቀምስም። በአንዱ ዓርብ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ሳለ ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አልሄድ አለ። አረፍተ ነገሩን በግማሽ ትቼ ልጆቹን አሰናበትኩ። በገበያተኛው መካከል እየተገፋሁ፣ ግንባሬ እየወቀረኝ ስመጣ የጎረቤቴን ሱቅ ደጃፍ ማለፍ አቃተኝ። ከመድረኩ ላይ ቁጭ አልኩ።

«መምህርት!» ብላ ብድግ አለች። «ምን ሆነሻል? ከንፈርሽ እንደ በጋ ዋልካ ተሰነጣጥቋል!»

«ደኅና ነኝ።»

«ደኅና ሰው በገበያ ቀን ደጃፌን አይዘጋም። እንኪ፣ ጠጪ።»

«አልጠጣም።»

ፊቷ ቀዝቀዝ አለ። «የእስላም ጣሳ ነው ብለሽ?»

«ኧረ አይደለም!»

«እና?»

 ዓይኔ በትከሻዋ ላይ አልፎ ወደ ጓሮው በር ሄደ። ዓይኔን ተከትላ ዞር ብላ አየች፤ እንደገና እኔን አየች፤ ከዚያ መደርደሪያውን ይዛ እስክትደገፍ ሳቀች።

«ለዚህ ነው በአጥሩ ቀዳዳ ዓይንሽን ተክለሽ የከረምሽው? እኔ እኮ ባሌን የምታዪው መስሎኝ ነበር! ምስኪኑን ስንት ጊዜ አኮረፍኩት! ጢሙን ሲከረከም እንኳ ለማን ነው እያልኩ!»

«ባልሽንስ ልብ ብዬም አላየሁት።»

«አሁን ደግሞ ባሌን ናቅሽው» አለችና ጣሳውን እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ጠጪ። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል።»

ጠጣሁ። ደግሜ ጠጣሁ። ከዚያ በቀን፣ በብርሃን፣ አሥር ሺህ የሚመስል ገበያተኛ ከአጥሩ ወዲያ እየጮኸ፣ ሳልቸኩል ተቀመጥኩ። ያን ያህል የከበርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ስመለስ ቅናቴን መደበቅ አልቻልኩም። «ለአንቺማ ምን አለብሽ» አልኳት። «ጓሮ አለሽ፣ ጤና አለሽ።»

«ጤና?» አለች። «የመጨረሻውን ልጅ ከወለድኩ ወዲህ ያላመመኝ የሰውነት ክፍል የለም። ትራስ እንኳ የሚከብደኝ ጊዜ ነበር። ያኔ እኔም እንዳንቺ ገደል ነበር የምወጣው። የእኛዎቹ ሁሉ ጓሮ ያላቸው መሰለሽ? አልጠጣ ብዬ ደርቄ ስወድቅ ነው ባሌ ዶማውን አንሥቶ ጉድጓዱን የቆፈረው።»

«ታዲያ ዳንሽ?»

«አልዳንኩም። ስደርቅ ሕመሙ ይጮህብኛል፣ ስጠጣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ይኸው ነው። ድኛለሁ የሚልሽ ሰው ካለ፣ ሊሸጥልሽ የፈለገው ነገር አለ ማለት ነው። በነጋዴ እመኚኝ።»

ብዙ ካነበብኩ በኋላም ከዚህ ብዙም አልራቅሁም። ውሃ ማጣት ሕመሙን መውለዱን አላውቅም፤ የኖረውን ሲያጎላው ግን አይቻለሁ። ያን ቀን የተሰማኝ ግን እውቀት አልነበረም። በጤነኛ ሰው መቅናት ቀላል ነው፤ ዕድል ያደለው ነው ብለሽ ትጽናኚያለሽ። የአንቺኑ ሕመም ታምማ ጣቃ ተሸክማ በምታንጎራጉር ሴት መቅናት ግን መጽናኛ የለውም። ቅናቴ እጥፍ ሆነ።

በማግስቱ እሜቴ ሰምተዋል። «እስላም ቤት ውሃ ጠጥተሽ በእኔ ጣሳ? በይ ማተብሽንም በጥሰሽ ጣዪዋ!» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው የነፍስ አባታቸው ጋ ገሠገሡ። ቄሱ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። እሜቴ ሲመለሱ ፊታቸው ተቋጥሯል።

«ምን አሉ፣ እሜቴ?»

«ሥጋቸውን አትብላ አሉ።»

«ውሃውንስ?»

«ውሃ የፈጣሪ ነው አሉ» አሉ፤ ልክ ቄሱ የከዷቸው ይመስል። «ደግሞ ማርጀታቸው ነው መሰለኝ!»

ከዚያ በኋላ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድና ቀትር ላይ ስመለስ በጎረቤቴ ጓሮ አልፋለሁ። ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ እጠጣለሁ። የግንባሬ ውቀራ ተወኝ። ጠዋት ጠዋት የሰውነቴ መገተር ቀለለ። ትከሻዬ አሁንም ያመኛል፤ ክንዴ ግን ሰሌዳው ጫፍ ድረስ ይደርስ ጀመር።

ሆሣዕና ሊገባ ሲል ዲሬክተሩ መጥቶ በክፍሌ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እግሩን አነባብሮ ያያል። ስለ አባይ ወንዝ አስተማርኩ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆሜ፣ ካርታውን በክንዴ እየተከተልኩ። በመካከሉ እሱ ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ፤ አጥሩን ዞር ብሎ ተመለሰ። እኔ እስከ ደወሉ ድረስ አልተቀመጥኩም።

«መልካም ነው» አለ ሲወጣ። «ዓመቱን ጨርሺ። የሚመጣውንም እናያለን።»

እየሮጥኩ ሄድኩ ብል ውሸት ነው፤ ጭኔ አይፈቅድም። ግን ሳልቆም ጎረቤቴ ሱቅ ደረስኩ። ሱቁ ተዘግቷል። በጎን በር ስገባ መደቡ ላይ ተኝታለች፤ ብርድ ልብሱ እንኳ ከብዷት ገፍታዋለች። እንዲህ ያለ ቀን ይመጣባታል፤ የቱንም ያህል ብትጠጣ። ባሏ አጠገቧ ተንበርክኳል። በአንድ እጁ ራሷን ደገፍ አድርጎ፣ በሌላው ጣሳውን ከንፈሯ ላይ ይዞ፣ «ቀስ» ይላታል፤ «ቀስ፣ አትቸኩይ።» ደንበኛ ከውጭ ሲጣራ «ዛሬ የለሁም!» ብሎ መለሰና እንደገና ወደ ጣሳው ተመለሰ።

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ክፍሌ ተርፎልኛል፤ ዳኛው ቀርቶልኛል። ደስታዬን ይዤ የመጣሁበት እጄ ግን ባዶ መሰለኝ። አባቴ ስለ ዳኛው መሬቱን፣ ዘሩንና ማዕረጉን ነግሮኝ ነበር። ለታመመች ሚስት ውሃ ያቀርብ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

«ምን አለሽ?» አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ዲሬክተሩ?»

«ዓመቱን ጨርሺ አለኝ።»

«እሰይ! ታዲያ ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ምንም» አልኩ። አልጋ ላይ ለወደቀች ሴት ቀናሁብሽ አይባልም።