የጋሽ ዳንጊሶ ዓሣ

እዚህ ከተማችን ፒያሳ ውስጥ ድረ ገጽ በመሥራት የሚስተካከለኝ የለም ስላችሁ ጉራ እንዳይመስላችሁ። ሐይቅ ዳር ላለው ለጋሽ ዳንጊሶ ዓሣ ቤት የሠራሁትን ላፕቶፔ ላይ ብታዩት ያስጎመጃል፤ ከላይ የቤቱ ስም፣ ከሥሩ ትሪ ላይ የተጋደመ ጥብስ ዓሣ።

ባለፈው ሳምንት ግን ጋሽ ዳንጊሶ በአሮጌ ስልካቸው ከፍተው "ይኸው፣ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እያሳየሁልህ ነው" ሲሉኝ ክው ብዬ ቀረሁ። የስልካቸው ብሮውዘር ሁሉንም አዘበራርቆታል። ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ ስሙ ላይ ተጋድሟል፤ "ዳንጊሶ" ከሚለው የሚታየው "ዳ" ብቻ ነው።

በጣም ስለተደሰቱ ጉዱን ልነግራቸው አፈርኩ። ቢሮዬ ገብቼ ሦስት ቀን ሙሉ ታገልኩት። የጓደኞቼን ስልክ እየለመንኩ በየብሮውዘሩ ከፍቼ አየሁት፤ በመጨረሻ በሁሉም ልክ ላፕቶፔ ላይ እንዳለው ሆነ። ደረቴን ነፍቼ ሄድኩና በዚያው በአሮጌ ስልካቸው ከፍቼ ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ምነው ልጄ! እንዲያ ያማረውን ሥራህን ማን አበላሸብህ?"

"ኧረ አስተካክዬው ነው ጋሼ!"

እጄን ይዘው በሐይቁ በኩል ባለው በር ወደ ውጭ አወጡኝ። ቀለሙ በቅጡ ያልደረቀ ትልቅ ታፔላ ተሰቅሏል። ሠዓሊው ከስልካቸው እያየ አንድም ሳያስቀር ገልብጦታል፤ ግዙፍ ዓሣ፣ ከጭራው አጠገብ "ዳ"።

"ልክ አንተ እንደሠራኸው!" አሉኝ ኮራ ብለው። "ከሥሩ ደግሞ ያንተን ስም በትልቁ አስጽፌልሃለሁ።"