ያነሳው ደህናውን እጁን ነው

ሀዋሳ አጠገብ ካለችው ከቱላ የወጣነው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው፤ ዝናብ ነበር። ባለቤቴን ላሚሶን በብርድ ልብስ ተሸክመው ሚኒባስ ውስጥ ሲያስገቡት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ጸሎት ከዝናቡ በላይ ይሰማ ነበር። ቤታችንን የገዛን ሰውዬ ሳይቀር ጃንጥላ ይዞ ሊሸኘን መጥቷል። ቁልፉን እዚያው በር ላይ ሰጠሁት። ያኔ አልተናደድኩም። አሁን ግን በግኛለሁና ስታነቡ ታገሱኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ ፊደል የለየሁት ከመዝሙር መጽሐፍ ላይ ነው፤ እንደማወራው ነው የምጽፈው።

ላሚሶን ስትሮክ መታው፤ ቀኝ ጎኑ ሞተ፣ ንግግሩም ሄደ። ሀዋሳ ያለው ሐኪማችን፣ "በየቀኑ እያመጣችሁት እንቅስቃሴ ይሥራ፤ ጊዜ ይወስዳል" አለን። ጊዜ ይወስዳል የሚልን ሰው ማን ይወዳል? ኤፍሬም የሚባል፣ ዴልሂ ተቀምጦ በሽተኛ የሚያስመጣ የእኛው አገር ልጅ ደግሞ በስልክ አገኘኝ። "እማዬ፣ ስቴም ሴል የሚባል ሕክምና አለ። ከራሳቸው መቅኒ ተወስዶ ይሰጣቸዋል፣ የሞተውን የአንጎል ቦታ መልሶ ያበቅለዋል" አለኝ።

ያበቅላል ሲለኝ አመንኩ፤ ለሕክምናው ብዬ ቤታችንን ሸጥኩ። እኔ እንሰት ስተክል ያረጀሁ ሰው ነኝ። አሚቾውን፣ ወፍራሙን ሥሩን ማለቴ ነው፣ ሰንጥቀን ስንቀብረው ዙሪያውን ስንት ችግኝ እንደሚያወጣ በእጄ አውቀዋለሁ። የሰውም ነገር እንደዚያው ነው አልኩ። የሰው ጭንቅላት የጓሮ አፈር አለመሆኑን የነገረኝ የለም።

ዴልሂ ሙቀቱ የእኛ ሙቀት አይደለም፤ ከሐይቅ ንፋስ የሚመጣበት ሰዓት የለውም። ሻያቸው ወተትና ቅመም ነው፣ እሱስ ይጠጣል። ያከራየችን ሴትዮ ግን ገና ከደረጃው ሳንወጣ ጣቷን ቀሰረችብኝ። "ማችሊ ነሂ!" አሳ ክልክል ነው ማለቷ ነው።

"እሷ አሳ የማይበላ ሰው ነች፣ እማዬ" አለኝ ኤፍሬም።

"እሷን ማን ብዪ አላት?"

"ሽታው ቤቱን ያረክሳል ትላለች።"

"እንግዲያው እኔንም አታስገባኝ፤ ሐይቅ ዳር ነው ያደግሁት።"

ይህን አልተረጎመላትም።

ክሊኒኩ ከዳሌው አጥንት መቅኒ ቀዳ፣ በወገቡ በመርፌ ሰጠው። ጠበቅን። እጁን ሳሸው አድራለሁ፣ ያው ነው። ቪዛ ልናስረዝም ስንሄድ ሹሙ በኤፍሬም አፍ ጠየቀኝ።

"ተሻለው?"

"አልተሻለውም።"

"ታዲያ ለምን ይቆያል?"

"እንዲሻለው።"

"ቢሻለውስ?"

"አገራችን እንገባለን።"

"በሉ እንዳይድን ተጠንቀቁ፤ ቪዛው ይቋረጥባችኋል!" ብሎ ስቆ ማህተሙን መታ። እሱ እንኳ እውነቱን ተናገረ።

አንድ እሁድ ላሚሶ መዘመር ጀመረ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስሙን መናገር የማይችለው ሰውዬ ቱላ እያለንም መዝሙር ከጀመርኩለት ቃሉን ሳይስት ይከተለኝ ነበር። ስንዘምር እጅ ማንሳት ልማዳችን ነው፤ እሱም ግራ እጁን ወደ ላይ አነሳ። ኤፍሬም፣ "ልቅረጻቸው፣ ቤተሰብ ይደሰታል" አለ። እኔም የራስ መሸፈኛዬን አስተካክዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሞኝ!

ብዙም ሳይቆይ የቱላዋ ጎረቤቴ አስቴር ደወለች። ባሏ ማቴዎስ ባጃጅ ሲነዳ የኖረ ነው፤ እሱንም ስትሮክ ጥሎታል።

"እማማ፣ አየናቸው! አባባ ዘመሩ፣ እጃቸውን አነሱ! ኤፍሬም የላከውን ቪዲዮ በጉባኤ መካከል አሳዩን፤ ያላለቀሰ የለም። እኔም ማቴዎስን ይዤ ልመጣ ነው፤ ለቤቱ ገዢ ተገኝቷል።"

ኤፍሬምን ጠራሁት።

"ያነሳው ግራ እጁን ነው። ግራው መቼ ታመመና?"

"እማዬ፣ እጅ እጅ ነው። ሰው ተስፋ ያገኛል።"

"መዝሙሩስ? አገር ቤትም ይዘምር ነበር እኮ!"

"ይህን ማን ያውቃል?"

"እኔ!"

"እርስዎ ሐኪም አይደሉም።"

"አንተስ?"

ሳቀ። ሁለተኛው ዙር መርፌ ሲሰጠው ለውጡን ያዩታል ብሎኝ ሄደ። በሕይወቴ ሰው ረግሜ አላውቅም፤ የዚያን ቀን ግን አፌን በነጠላዬ ይዤ ነው ያሳለፍኩት።

ሀዋሳ ላለው ሐኪማችን ደወልኩ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "ንግግር የጠፋበት ሰው ዜማ ሊቀርለት ይችላል፤ ዜማ ካልተጎዳው የአንጎል ወገንም ይመጣል" አለኝ። "ስቴም ሴሉ ለስትሮክ ገና እየተመራመሩበት ነው፣ እማማ። አንድ ቀን ይጠቅም ይሆናል። አሁን ግን የሚሸጥ መድኃኒት አይደለም። ማቴዎስ እዚሁ እኔ ጋ በእንቅስቃሴው እየተሻለው ነው፤ እንዳታቋርጠው ይንገሯት።"

አስቴርን በቪዲዮ ደወልኩላት። ስልኩን ላሚሶ ፊት አቆምኩ።

"አስቴር፣ ስሙን ጠይቂው።"

"አባባ፣ ስምዎ ማነው?"

አፉ ተንቀጠቀጠ። ምንም። ቀኝ እጁን አንስቼ ለቀቅኩት፤ ጭኑ ላይ ወደቀ። ላሚሶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይህን ስላደረግሁበት ይቅር ይበለኝ።

የአስቴር ድምፅ ተለወጠ።

"ካልሠራ ለምን አትመለሱም፣ እማማ? እዚያው ተቀምጠው እኔን አትምጪ ይሉኛል? ለእናንተ የሆነ ለእኛ ሲሆን ነው የሚከፋው?"

"በአጥሩ በኩል ብቅ በይ" አልኳት። "የእኔ ግቢ ውስጥ የማን ልብስ ነው የተሰጣው?"

አንገቷን ወደ አጥሩ አሰገገችና መለሰችው።

"ንገሪኝ! የማን ልብስ ነው? እንሰቴን ማን ነው የሚቆርጠው? ወዴት ነው የምመለሰው፣ ልጄ? የትኛው በር ላይ ነው ይህን ሰውዬ የማወርደው?"

እየጮህኩ ነበር። አከራያችን ወለሉን በእንጨት ከሥር መታችው።

በስልኩ ውስጥ የቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ሰማሁ። "ገዢው ናቸው" አለች አስቴር ቀስ ብላ። ስልኩን ሳትዘጋ አስቀመጠችው፤ የማየው ጣሪያዋን ብቻ ሆነ። አዳመጥኩ። በሩ ተከፈተ። ሰላምታ ተለዋወጡ።

"ዛሬ አይመቸኝም፤ ሌላ ቀን ይምጡ" አለቻቸው።

አልሸጥም አላለችም። ሌላ ቀን ነው ያለችው። ነገም እደውላለሁ።