የማር ጾም

አባቴ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው የሰሙ ዕለት ደስ አላቸው ብል ማን ያምነኛል? እውነቴን ነው ግን። በእኛ አገር፣ ጋይንትም በሉት ስማዳ ወይም እስቴ፣ ስኳር የሀብታም በሽታ ነው ይባላል። አባቴ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሁለት በሬ ገብስና ባቄላ ሲያመርቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከምርመራ እንደወጡ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ «ስኳር ነው አሉኝ እኮ!» ይሉ ጀመር። የሰማውም ሁሉ «ለካ ተመችቶዎታል!» እያለ ያሞካሻቸዋል። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ደሜ ይፈላል።

እኔ ነርስ ነኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ከእኔ ጋር ንፋስ መውጫ ነው የሚኖሩት። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን የምወጋቸው እኔ፣ ምግባቸውን የምመጥነው እኔ፣ ክፉ ልጅ የምባለውም እኔ። ለጎረቤቱ ሁሉ ሳቂታ ናቸው፤ ለእኔ ሲሆን ይኮሳተራሉ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው ለእሳቸው የተተረተ ይመስለኛል።

ኮሮና የገባ ጊዜ በገበያ ቀን ድምፅ ማጉያ ይዤ እንዳስተምር ታዘዝኩ። «ስኳር ያለባችሁ፣ ደም ግፊት ያለባችሁ፣ በዕድሜ የገፋችሁ! ይህ በሽታ እናንተ ላይ ይጸናል! ስኳራችሁ ከፍ ካለ ሰውነታችሁ መታገል ያቅተዋል! ሁለት የአዋቂ ርምጃ ተራራቁ!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። አባቴ ከሕዝቡ ፊት ቆመው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲሰሙኝ ዋሉ። ማታ እራት ላይ ምን አሉኝ?

«ጥሩ ተናገርሽ። እነዚያ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ግን የሚሰሙሽ ይመስልሻል?»

ጉድ በል ጎንደር!

ብዙም ሳይቆይ ሳል ጀመራቸው። ቀጥሎ ትኩሳት፣ ቀጥሎ የትንፋሽ ማጠር። ተመረመሩ፤ ኮሮና ነው። የሆስፒታላችን አልጋ ሁሉ ስለተያዘ ሐኪሙ «ቤት ውስጥ ለይተሽ ያዣቸው፣ ትንፋሻቸውንና ስኳራቸውን እየለካሽ በስልክ ንገሪኝ፤ ስኳሩ ካልወረደ ግን ነገሩ አስጊ ነው» አለኝ። በኋለኛው ክፍል አስተኛኋቸው። ክፍሉ በአጥሩ በኩል አንድ መስኮት አለው። ለነፋስ ብዬ ክፍት ተውኩት።

ስኳሩ አልወረደም። በመጀመሪያው ቀን ከፍ አለ፤ ኢንፌክሽን ስኳር ይጨምራል፣ ይሁን አልኩ። ሐኪሙ የመርፌውን መጠን አስጨመረኝ። በማግስቱ ባሰ። እንጀራውን ቀነስኩ፤ ባሰ። ሻዩን ያለ ስኳር አደረግሁት፤ ባሰ። የስኳሩን ጣሳ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። መድኃኒቱ ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ ሌላ አስመጣሁ። በአራተኛው ቀን መለኪያዋ ቁጥር ማውጣቱን ትታ ከአቅሜ በላይ ነው የሚለውን ምልክት አሳየችኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንደነበርኩ የገባኝ በአምስተኛው ቀን ነው።

ገበያ ቀን ነበር። ጓንት ረስቼ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሳላስበው ወደ ቤት ተመለስኩ። በጓሮ ስዞር ምን ልይ? አጥሩ ሥር ሰው ተሰልፏል። ከስማዳ የመጣች አክስቴ ከፊት ሆና ረጅም ሸምበቆ ይዛለች፤ ጫፉ ላይ ጭልፋ ታስሯል። ጭልፋው በአጥሩ ላይ አልፎ፣ በመስኮቱ ገብቶ፣ አባቴ አፍ ላይ ደርሷል። አባቴም አንገታቸውን እንደ ጫጩት አስግገው ይልሳሉ።

«ምንድን ነው የምታጎርሺው?» ብዬ ጮህኩ።

«ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በማር ነዋ! ለሳሉ!» አለች አክስቴ፣ ቅር ብሏት። «ደግሞ እንዳስተማርሽን ሁለት ርምጃ ጠብቀናል። ሸምበቆውን በርምጃ ለክቼ ነው ያስቆረጥኩት።»

በእኛ አገር የታመመ ሰው ካልተጠየቀ እንደሞተ ይቆጠራል፤ ባዶ እጁን የሚጠይቅም የለም። አትግቡ ስላልኩ አልገቡም፤ አክብረውኛል። እኔ ሥራ ስውል ግን አንዱ ሲሄድ አንዱ እየተተካ አምስት ቀን ሙሉ ማር አጉርሰዋቸዋል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አጥሩን ማንም አልነቀነቀውም፤ በላዩ ላይ ነው ያሳለፉት። ከሁሉም የባሰው ደግሞ ከሰልፉ መጨረሻ የአባቴ የንስሐ አባት ቆመዋል። ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ የተከበሩ ቄስ ናቸው። ጭምብላቸው አገጫቸው ሥር ተንጠልጥሏል፤ በክንዳቸው የቤተ ክርስቲያኑን የቀፎ ማር በማሰሮ ታቅፈዋል።

ሁሉንም በተንኳቸው። ቄሱን እንኳ «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባ፣ ይሂዱልኝ» ብዬ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞርኩ።

«እኔ ስኳር ስደብቅ እርስዎ ማር ይልሳሉ?»

«ማር ስኳር ነው እንዴ?» አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ስኳርን ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ማርን ንብ ነች የምትሠራው። ንብ ሰው ስትገድል አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አይቻለሁ! የጎረቤታችንን አህያ!»

«አህያ ሰው ነው?»

በእግዚአብሔር ስም ለመንኳቸው። እሺ አሉኝ። በማግስቱ ጢማቸው ላይ ማር ደርቆ አገኘሁት። የዚያን ቀን ጣታቸው ላይ የምሰካው የኦክስጅን መለኪያ ሰማንያ ስምንት አለኝ፤ ትንፋሻቸው እየወረደ ነው። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ፈራሁ። ስንቱን በሽተኛ አስታምሜ ያዳንኩ ሰው የገዛ አባቴን በማር ላጣቸው ነው።

እያለቀስኩ ሳለሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አባቴ ሐኪም ያታልላሉ፣ እኔን ያታልላሉ፤ ጾም ግን በሕይወታቸው ሽረው አያውቁም። አንድ ሁዳዴ ታይፎይድ ጥሏቸው ወተት ብንላቸው ግድግዳው ላይ ረጭተውታል። እንባዬን ጠርጌ፣ ጭምብሌን አጥብቄ ወደ ቄሱ ቤት ሮጥኩ።

ቄሱ ተቀይመውኝ ነበር። ደጃፉ ላይ ርቀን ተቀመጥን። ማር ደም ውስጥ ሲገባ ያው ስኳር እንደሆነ፣ ስኳር የከፋበትን ሰው ኮሮና እንደሚጥለው ተናገርኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ይጠይቁኝ ጀመር።

«ውኃ ጥም አለው እንዴ ይኼ ስኳር?»

«አለው አባ።»

«ሌሊት ለሽንት ያስነሣል?»

«ደጋግሞ።»

«እግርንስ ያቃጥላል? ዓይንን ብዥ ያደርጋል?»

«አዎ አባ፣ አባቴ እኮ እየሞቱብኝ ነው! ይምጡና ይገዝቱልኝ!» አልኩ። ትዕግሥት ከድሮም የለኝም።

መጡ። ጭምብላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው፣ ከአጥሩ ማዶ ሁለት ርምጃ ቆጥረው ቆሙ፤ መስቀላቸውንም ወደ መስኮቱ ዘረጉ።

«ከዛሬ ጀምሮ አርባ ቀን ማር ትጾማለህ» አሉ።

«ማር?» አሉ አባቴ። «አባ፣ ማር እኮ በሁዳዴም ይበላል!»

«ለአንተ ግን ፍስክ ነው።»

«ጠጁስ?»

«እሱም ማር ነው።»

«ለስላሳስ?»

«ያም።»

«የማሩን ሰፈፍ ባኝከውስ?»

«አንተ ሰው! ቀኖና ነው የሰጠሁህ፣ ገበያ አይደለም! አርባው ሲያልቅ ራሴ መጥቼ እፈታሃለሁ።»

አባቴ ተሸነፉ። «ይፍቱኝ አባ» ብለው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። አለቀ። በማግስቱ አክስቴ ሸምበቆዋን ይዛ ብትመጣ «ጾም ነኝ፤ አታስቺኝ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩባት። በሦስት ቀን ስኳሩ ወረደ። በሳምንቱ ትንፋሻቸው ተመለሰ። ሐኪሙ ደውሎ «ምን መድኃኒት ቀየርሽ?» አለኝ። «የንስሐ አባታቸውን ላክሁባቸው» ስለው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሰሞን የነበረኝን ደስታ አልረሳውም።

ጾሙ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ቄሱን በቃሬዛ ሆስፒታል አመጡልን። ኮሮና ነው። ጣታቸውን ወግቼ ስኳራቸውን ለካሁ፤ መለኪያዋ ያንኑ ከአቅሜ በላይ የሚለውን ምልክት አወጣች። «ስኳር እንዳለብዎ ያውቃሉ አባ?» አልኳቸው። «ተመርምሬ አላውቅም» አሉ፣ ድምፃቸው እየተቆረጠ። «ያን ዕለት ስትነግሪኝ ግን የእኔን ነገር የምትነግሪኝ መሰለኝ።»

ጥሙን፣ ሌሊት መነሣቱን፣ የእግር ማቃጠሉን የጠየቁኝ ስለ አባቴ መስሎኝ ነበር። ነርስ ነኝ እላለሁ፤ የበሽታውን ምልክት አንድ በአንድ ሲቆጥሩልኝ ቶሎ ይነሡልኝ ብዬ ተቆጣሁ። የቻልነውን ሁሉ አደረግን። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ወደፊትም ይቆጨኛል።

አርባው ቀን አለፈ። ዓመት አለፈ። አባቴ ማር በአፋቸው አልዞረም፤ ስኳራቸውም እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። እኔ መቼም አልጠግብ ባይ ነኝና ደስ ሊለኝ ሲገባ ልቤ ታወከ። አንድ ጠዋት መርፌያቸውን ወግቼ ስጨርስ ተናገርኩ።

«አባየ፣ ጾሙ እኮ አርባ ቀን ነበር። ማሩ ለሕመምዎ አይሆንም፤ ቀኖናው ግን እንዲህ ታስሮብዎ አይቅር። ሌላ ቄስ ሊፈታዎ ይችላል።»

«ዐውቃለሁ» አሉ።

«ታዲያ ምነው?»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

«እመጣለሁ ብለውኛል። ሌላ ሰው ፈታኝ ማለት እኮ እሳቸው አይመጡም ማለት ነው» አሉኝ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ።