ያልተገለጠችው ገጽ

ያ የልብስ ስፌት ሱቅ ዛሬ ስልክ ይሸጥበታል። በደጁ ሳልፍ ግን አሁንም የከሰል ካውያ ሽታ ይሸተኛል።

ልብስ ሰፊው ጋሼ ጠዋት ከመቀሳቸው በፊት የሚያነሡት ቅዱሱን መጽሐፍ ነበር። ጮክ ብለው ያነባሉ፤ እኔ ልብስ ተኳሻቸው ከሰሉን እያራገብኩ እሰማለሁ። የልጆች አባት ሆኜ ገና ፊደል አልለይም ነበር።

ጋሼ ያነበቡትን በሥራ ሳይፈጽሙ ገጽ አይገልጡም። «ለወሬማ ሬዲዮ አለ፤ ይኼን የማነበው ውስጤን እንዲያቃናልኝ ነው» ይላሉ። ስለ ቁጣ ባነበቡ ሰሞን ደንበኛ ሲጮህባቸው መርፌውን በከንፈራቸው ይዘው ዝም አሉ። ስለ መስጠት ያነበቡ ጊዜ ኮታቸው ከማንጠልጠያው ጠፋ፤ በኋላ የሰፈሩ ዘበኛ ለብሶት አየሁ።

ከወንድምህ ታረቅ የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

ታናሽ ወንድማቸው አናጺ ነው፤ ሱቁ ከግድግዳችን ወዲያ። አባታቸው ሲሞቱ የስፌት መኪናቸውን ተካፈሉ፤ ጋሼ የመኪናውን ራስ፣ አናጺው እግሩን ከነፔዳሉ ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ ተኳረፉ። ያለ እግሩ የማይሠራው ራስ በጨርቅ ተጠቅልሎ መደርደሪያችን ላይ ተቀመጠ፤ እግሩ እዚያ ማዶ የቀለም ቆርቆሮ ተሸከመ። መጋዝ በተሰማ ቁጥር ጋሼ ንባባቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር።

ክረምት ገብቶ ወጣ። «ጋሼ፣ ያች ገጽ ሸበተች እኮ!» ይላሉ ደንበኞች።

«አልዘለልኳትም አይደል?» ይመልሳሉ ኮራ ብለው። አለመግለጣቸውን እንደ መታዘዝ ቆጥረውት ነበር።

ለእኔ ግን ሲሳይ ሆነችኝ። በየጠዋቱ እየሰማሁ በቃሌ ያዝኳት። ጋሼ ለምሳ ሲወጡ ጣቴን በመስመሩ ላይ እያስኬድኩ የማውቀውን ቃል ከፊደሉ ጋር አገናኘሁ። ማን አስተማረህ ለሚለኝ መልሴ ያች ገጽ ናት።

አንድ ጠዋት መነጽራቸው ተሰበረ።

«እኔ ላንብብልዎ» አልኩ።

ሳቁ። ሳነብ ግን ሳቃቸው ቆመ።

«ይህችንማ በቃልህ ይዘሃት ነው። ወንድ ከሆንክ ቀጣዩን ገልጠህ አንብብ!»

«ያልፈጸሙት አይገለጥም ይሉ የለ፣ ጋሼ?»

ካውያዬ እስኪበርድ የገጿን ጠርዝ ሲዳብሱ ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው የመኪናውን ራስ አወረዱና እንደ ሕፃን አቅፈውት ወጡ። ማዶ መጋዙ ቆመ።

«ይኸው ራሱ። እግሩ ካለበት ይሁን» ሲሉ ጋሼን በግድግዳው ሰማሁ።

«ዝጓል እኮ! ዘይት የሚባል ነገር አታውቅም እንዴ አንተ?»

«አንተስ ምን ቀለም አፈሰስክበት?»

ቀጥሎ ለቅሶ ሰማሁ። የማን እንደሆነ ግድግዳው አልለየልኝም።

በማግስቱ ጋሼ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ገጹን ገለጡና መጽሐፉን ወደ እኔ ገፉት። አዲሱን ገጽ ሰምቼው አላውቅም፤ በየፊደሉ ስደነቃቀፍ ላብ አጠመቀኝ።

«ይታገሡኝ ጋሼ።»

«ምን አስቸኮለን?»

ማዶ መጋዙ ጀመረ። እንደ ጋሼ ልማድ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ተው፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ» አሉኝ፤ «ወንድሜ ሥራውን ይሥራ።»